29ኛውን ፒክ ለማን እንስጠው? ባለቤቶቹንስ ምን ያህል እንመን?

ወርቅና_ቡርጉንዲ · ሰኞ ኤፕሪል 21፣ 2025

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ አለፈ፣ ዶሮውም አለቀ፣ አሁን ወደ አሜሪካን ፉትቦል ቡድናችን፣ ወደ ዋሽንግተን ኮማንደርስ እንመለስ። ሐሙስ ማታ ድራፍት ነው፣ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት። ዘንድሮ ግሪን ቤይ ላይ ይካሄዳል። ተራችን (ፒካችን) 29ኛ ነው።

አምና በዚህ ሰሞን 2ኛ ነበርን። 4 አሸንፈን 13 ተሸንፈን ስለጨረስን ነው ያ ተራ የደረሰን። ኳርተርባኩን (ኳስ ወርዋሪውንና የጨዋታውን መሪ) ጄደን ዳንኤልስን መረጥን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። 12 ድል፣ 5 ሽንፈት። በፕሌይኦፍ (በጥሎ ማለፉ) ታምፓ ቤይን በሜዳው፣ ዲትሮይትን በሜዳው አሸነፍን። የዲትሮይቱ ጨዋታ የከተራ ዕለት ማታ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ጋቢዬን ሳላወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ቡና ስታቀርብልኝ ሲኒውን መያዝ አቃተኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። 45 ለ 31።

በሳምንቱ ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ቀጣን። የነሱ አጥቂ ክፍል ገና ኳሱን በመጀመሪያ ሲነካ ሳኳን ባርክሌይ ተከላካዮቻችንን እየበጣጠሰ 60 ያርድ ሮጦ ገባ። ያን ሩጫ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ 29ኛውን ለማን? የኔ መልስ ኳርተርባክ አሳዳጅ ነው። አምና 10 ተኩል ሳክ (ኳርተርባኩን ኳስ እንደያዘ መጣል) የነበረው ዳንቴ ፋውለር ወደ ዳላስ ሄደ። ጆናታን አለንን ለቀቅነው። ጃቮን ኪንሎውን አምጥተናል፣ ግን እሱ መሃል ላይ ነው የሚሠራው። ዳር ላይ ማን አለን? ከቦስተን ኮሌጅ ዶኖቫን ኢዜሩዋኩ አለ። አምና ብቻ 16 ተኩል ሳክ ሠርቷል። እስከ 29 ከቆየ ዓይኔን ሳላሽ እወስደዋለሁ።

ሁለተኛው የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው። ጆሽ ሃሪስና ሸሪኮቹ ቡድኑን በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ከገዙ በጁላይ ሁለት ዓመት ይሞላቸዋል። እስካሁን የሠሩትን እወዳለሁ። አሁን ግን በአርኤፍኬ፣ በድሮው የዲሲ ስታዲየማችን መሬት ላይ አዲስ ስታዲየም የመሥራት ጉዳይ እየቀረበ ነው። ቡድኑ ወደ ከተማው ይመለስ ባይ ነኝ። ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። እናንተስ?


ዱለስ_ተረኛ · ሰኞ ኤፕሪል 21

እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ። እኔ ከአሳዳጁ በፊት ኳርተርባካችንን የሚጠብቀው ይቅደም እላለሁ። ምክንያቴን ልንገርህ።

አሜሪካ የገባሁት በ1987 መኸር ላይ ነው። አዳምስ ሞርጋን አንድ አፓርታማ ውስጥ አምስት ሆነን እንኖር ነበር። ስለዚህ ጨዋታ የማውቀው ነገር አልነበረም። በጃንዋሪ መጨረሻ አንድ እሁድ ከተማው በሙሉ ጭር አለ። ከሁላችን ቀድሞ የመጣው ጓደኛችን ትንሿን ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ዝም ብላችሁ እዩ» አለን። ዳግ ዊሊያምስ የሚባል ጥቁር ኳርተርባክ ነበረን። ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ላይ ጀምሮ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ እሱ ነው። ዴንቨር 10 ለ 0 መራን። ከዚያ በሁለተኛው ሩብ ብቻ 35 ነጥብ አስገባን። 42 ለ 10 አለቀ። ሕጉን እንኳ ሳላውቅ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ቡድን ሰው ነኝ።

በኋላ ጨዋታው ሲገባኝ ምስጢሩ ሌላ ቦታ እንደነበር አየሁ። አሰልጣኛችን የነበረው ጆ ጊብስ ሦስት ሱፐር ቦውል ያነሳው በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው። ታይስማን፣ ዊሊያምስ፣ ሪፒን። ኳርተርባኩ ይቀያየራል። ፊት ለፊት የሚቆሙት ግን እነ ጆ ጃኮቢ፣ እነ ረስ ግሪም፣ እነ ጄፍ ቦስቲክ ነበሩ። «ሆግስ» ይባሉ ነበር። በ1991 የውድድር ዘመን ዓመቱን ሙሉ የተቆጠረብን ሳክ 9 ነው። ዘጠኝ! አምና ዳንኤልስ ብቻውን 47 ጊዜ ኳስ እንደያዘ ወድቋል። ልጁ ደግሞ ቀጭን ነው። እናቴ በሕይወት ኖራ ብታየው «ይህን ልጅ አብሉት» ትል ነበር።

የፊላደልፊያው ሽንፈት ጃንዋሪ 26 ቀን ላይ ዋለ። ሦስተኛውን ዋንጫ ያነሳነውም በ1992 ጃንዋሪ 26 ነበር። ልክ 33 ዓመት። ይህን ያህል ጠብቄ ይህን ልጅ ሰብረው ሲልኩብኝ ማየት አልፈልግም።


የአሽበርን_ልጅ · ሰኞ ኤፕሪል 21

ጋሼ፣ ታሪኩን ስላካፈሉን እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኮ ላረሚ ተንስልን ከሂውስተን አመጣን። የግራ ታክሉ (የዳር ጠባቂው) ችግር ተፈታ ማለት ነው። አሁን ሌላ ታክል ስንጨምር መከላከያው ባዶውን ሊቀር ነው።

ደግሞ ፒካችንን ቁጠሩት። ለተንስል የዘንድሮውን 3ኛና 7ኛ ዙር፣ የከርሞውን 2ኛና 4ኛ ዙር ሰጠን። ማርሾን ላቲሞርን አምና ስናመጣም ፒክ ከፍለናል። ለዲቦ ሳሙኤልም 5ኛ ዙር። የቀረን በጠቅላላው አምስት ፒክ ነው። 29፣ ከዚያ 61፣ ከዚያ እስከ 128 ድረስ እጃችንን አጣምረን መቀመጥ ነው። እኔ ብሆን ከ29 ወደ ኋላ ወርጄ ተጨማሪ ፒክ እወስዳለሁ።

ስለ ባለቤቶቹ ካነሳችሁ የኔ ፈተና አንድ ነው፤ ኳስ ተቀባያችን ቴሪ ማክሎሪን። ኮንትራቱ ዘንድሮ ያልቃል። በ2019 በ3ኛ ዙር 76ኛ ሆኖ መጣ። በስንት ኳርተርባክ እጅ አለፈ! አምስት ዓመት በተከታታይ ከ1,000 ያርድ በላይ። አምና 13 ተችዳውን (ጎል እንደማለት ነው)። ቡድኑ ሲፈርስም ሲገነባም እዚሁ ነበር። አንድም ቀን አፉን ከፍቶ አላማረረም። ለሱ በወቅቱ ካልከፈሉ ለማን ሊከፍሉ ነው?


ከመገናኛ · ማክሰኞ ኤፕሪል 22

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። የእናንተን ቡድን አምና ነው ሌሊት ሌሊት ማየት የጀመርኩት፣ በዳንኤልስ ምክንያት። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እንግሊዝ ሊግ ላይ መጨረሻ የወጣ ይወርዳል። እዚያ መጨረሻ የወጣ ምርጡን ልጅ ይወስዳል። ታዲያ ሰነፍ መሸለም አይሆንም ወይ? 29ኛ የሆናችሁትስ በምን ስሌት ነው?


ወርቅና_ቡርጉንዲ · ማክሰኞ ኤፕሪል 22

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ቡድኖቹ 32 ናቸው። ድራፍቱ ሰባት ዙር አለው። ከኮሌጅ የሚወጡት ልጆች በነፃ ገበያ አይሸጡም፣ በተራ ይመረጣሉ። ደካማው ቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። ዘንድሮ ቴኔሲ 1ኛ ነው፣ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ያሸነፈው ፊላደልፊያ 32ኛ። እኛ የኮንፈረንሱን ፍጻሜ (የሊጉን ግማሽ ፍጻሜ) ደርሰን ስለወደቅን 29።

ዋናው ነገር ግን ደመወዙ ነው። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው። ዘንድሮ ለአንድ ቡድን 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሀብታም ስለሆንክ ብቻ እንደ ማንቸስተር ሲቲ አትገዛም። በድራፍት የመጣ ልጅ ደግሞ አራት ዓመት በርካሽ ነው የሚጫወተው። ዳንኤልስ ለአራት ዓመት የፈረመው ወደ 38 ሚሊዮን ነው። የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በአማካይ በዓመት 60 ሚሊዮን ያገኛል። ልዩነቱን አስላው። ዳንኤልስ ውድ እስኪሆን ድረስ ሦስት ዓመት አለን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው ቤቱን ሠርተን መጨረስ ያለብን። ለዚህ ነው በአንድ 29ኛ ፒክ እንዲህ የምንጨቃጨቀው።


ሦስት_ስም_ያየሁ · ማክሰኞ ኤፕሪል 22

የመገናኛው ወንድማችን «ሰነፍ መሸለም አይሆንም ወይ» ያለው ሳላስበው ቁስሌን ነካው። ተጫዋች ቢሰንፍ ይባረራል፣ አሰልጣኝ ቢሰንፍ ይባረራል። ባለቤት ሲሰንፍ ግን መውረድ የሚባል ነገር የለም። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለ32ቱም እኩል ይደርሳል። አንደኛም ውጣ፣ መጨረሻም ውጣ።

ዳን ስናይደር ቡድኑን በ1999 በ800 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። 24 ዓመት ያዘው። በ24 ዓመት ያሸነፍነው የፕሌይኦፍ ጨዋታ ሁለት ነው። ዳንኤልስ በአንድ ጃንዋሪ ያሸነፈውን ያህል ማለት ነው። ከዚያ በ6.05 ቢሊዮን ሸጦ ሄደ። ሊጉ በሥራ ቦታ በደልና በገንዘብ ጉዳይ አስመርምሮ 60 ሚሊዮን ቀጣው። ከሸጠበት ዋጋ አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም።

ድራፍቱንም የገደለው የእሱ ዘመን ነው። ለአልበርት ሄንስወርዝ 100 ሚሊዮን የሚደርስ ኮንትራት፣ በ2009። ለኳርተርባኩ ሮበርት ግሪፊን በ2012 ሦስት አንደኛ ዙርና አንድ ሁለተኛ ዙር ፒክ። ልጁ ድንቅ ነበር፣ አይካድም። የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይጨርስ ጉልበቱ ከሲያትል ጋር በነበረው ጨዋታ ሄደ፣ ሜዳችን ላይ የሣሩ ሁኔታ ለዓይን በሚያስጠላበት ቀን። በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የስታዲየሙ አጥር ተገንድሶ ደጋፊዎች ከነአጥሩ በፊላደልፊያው ኳርተርባክ በጄለን ኸርትስ እግር ሥር ወደቁ። እግዚአብሔር ጠበቃቸው።

እኔ ይህን የምለው ሃሪስን ለማማት አይደለም። ሰውየው ቼቪ ቼዝ ያደገ የዚሁ አገር ልጅ ነው። አዳም ፔተርስን ለጄኔራል ማናጀርነት ቀጠረ፣ ዳን ክዊንን ለአሰልጣኝነት ቀጠረ፣ ሥራቸውን ተወላቸው። ግን አንድ ጊዜ ተቃጥለናል። ባለቤት ሲያምር ዓይናችንን መክደን የለብንም።


ዳላስ_ነኝ · ማክሰኞ ኤፕሪል 22

የተቃራኒ ቡድን ሰው ነኝ፣ ታገሡኝ። ሀበሻ ነኝና አብረን እንወያይ።

ባለቤት ሥራውን ለባለሙያ መተዉ ምን ማለት እንደሆነ እኛን ጠይቁን። ጄሪ ጆንስ በ1989 በ140 ሚሊዮን ገዛን። ባለቤትም እሱ ነው፣ ጄኔራል ማናጀርም እሱ ነው። መጀመሪያ ሦስት ዋንጫ አየን። ከ1995 የውድድር ዘመን ወዲህ ግን ሱፐር ቦውል ቀርቶ የኮንፈረንስ ፍጻሜ እንኳ አልደረስንም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው። ባለቤት ራሱን ማባረር አይችልም፣ ችግሩ እሱ ነው። እናንተ ፔተርስን አግኝታችኋል። እኔ ብሆን ሻማ አበራለት ነበር።

የስታዲየሙን ነገር በተመለከተ የኛ አርሊንግተን 325 ሚሊዮን አዋጥቷል። ግን በ2004 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶበት ነው፣ የሽያጭ ታክስ ግማሽ ሳንቲም እንዲጨመርበት ፈቅዶ። እናንተ ጋ ሰው ይጠየቃል?


የኪንግማን_ፓርክ_ጎረቤት · ረቡዕ ኤፕሪል 23

አይጠየቅም ወንድሜ። የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው።

እኔ የምኖረው ከአርኤፍኬ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ልጆቼን ይዤ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ስሄድ አሮጌውን ስታዲየም ሲያፈርሱት አየዋለሁ። ወንበሮቹ ተነቅለዋል፣ ያ ሞገድ የሚመስለው ጣሪያው ብቻ ቆሟል። እኛ ኢትዮጵያውያንም እዚያ ሜዳ ላይ ኳሳችንን ተጫውተንበታል። ድሮ ደጋፊው ሲዘል መቀመጫው አብሮ ይዘል ነበር ይላሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲያወሩት ዓይናቸው ይበራል። ስለዚህ ቡድኑን አልጠላም። ባለቤቴም ልጆቼም ደጋፊ ናቸው።

ግን ከተማው ምን ላይ እንዳለ አስተውሉ። ባለፈው ወር ኮንግረስ ባጸደቀው በጀት ምክንያት ዲሲ ከራሷ ገንዘብ ላይ 1.1 ቢሊዮን ዶላር እንድትቀንስ ተገድዳለች። የራሷ ታክስ እኮ ነው! ሴኔቱ ማስተካከያ አሳለፈ፣ የኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት ግን እስካሁን ድምፅ አልሰጠበትም። ትምህርት ቤት ላይ ምን እንደሚቆረጥ እያሰብን እያለ ስለ ስታዲየም ገንዘብ ይወራል። በዲሴምበር ደግሞ ለካፒታል ዋን አሬና እድሳት 515 ሚሊዮን ጸድቋል።

ሃሪስን በሚመለከት የፊላደልፊያን ነገር አትርሱ። የቅርጫት ኳሱ ቡድን የ76ርስም ባለቤት እሱ ነው። ቻይናታውን አጠገብ አሬና እሠራለሁ ብሎ ሰፈሩ ከሁለት ዓመት በላይ ሲሟገት ኖረ። በዲሴምበር የከተማው ምክር ቤት አጸደቀለት። በጃንዋሪ እሱ ራሱ ትቶት ከኮምካስት ጋር ሌላ ስምምነት አደረገ። ይህ ሁሉ ስብሰባ፣ ይህ ሁሉ ለቅሶ ለምን ነበር? እኔ እንደ እናት የምጠይቀው ይኸው ነው። የተፈረመ ነገር ምን ያህል ይጸናል?


የአሽበርን_ልጅ · ረቡዕ ኤፕሪል 23

እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ግን ያ መሬት እኮ ስንት ዓመት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቆየ። ቡድናችን ከዚያ የሄደው በ1996 ነው። ፕሬዚዳንት ባይደን በጃንዋሪ ፈርመው ነው ለ99 ዓመት ለከተማው የተላለፈው። ከ170 ኤከር በላይ ነው። ቤት ይሠራበታል፣ ሱቅ ይከፈትበታል። እኛ ሰዎች ፓርኪንግ ላይ፣ ታክሲ ላይ፣ ሆቴል ላይ ነን። ሥራ ይመጣል።


የኪንግማን_ፓርክ_ጎረቤት · ረቡዕ ኤፕሪል 23

ቤቱንማ ስጡን። ቤት ለመሥራት ግን ስታዲየም የግድ አይደለም። የጨዋታ ቀን በዓመት ስንት ነው? ዘጠኝ? አሥር? የቀረውን ቀን ማን ነው ሰፈሩ ውስጥ ቡና የሚጠጣው? ሥራ ይመጣል ካላችሁ ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነና ለማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ይጻፍ። እኔ አልቃወምም እያልኩ ነው። ይጻፍ እያልኩ ነው።


ወርቅና_ቡርጉንዲ · ረቡዕ ኤፕሪል 23

እህቴ፣ የፊላደልፊያውን ነገር በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም ነበር። እውነትሽን ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ «ቡድኑ ይመለስ» ማለት ይቀለኛል፣ ታክሱን የምትከፍይው አንቺ ነሽ።


ወርቅና_ቡርጉንዲ · ሐሙስ ኤፕሪል 24፣ ማታ

ኢዜሩዋኩ አለ! 28 ሰው ተጠርቶ እሱ አልተጠራም! አሁን የኛ ሰዓት እየሄደ ነው። ልቤ ልትወጣ ነው።


ወርቅና_ቡርጉንዲ · ሐሙስ ኤፕሪል 24፣ ማታ

ጆሽ ኮነርሊ ጁኒየር። ኦሪገን። ታክል።

ምንም ማለት አልችልም። ነገ እመለሳለሁ።


ዱለስ_ተረኛ · ሐሙስ ኤፕሪል 24፣ ማታ

እልል! አዳም ፔተርስ ይባረክ!

ልጄ አትዘን። አንድ ነገር ላስታውስህ። ባለፈው ኦክቶበር 27፣ ከቺካጎ ጋር። እኔ ዱለስ ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያው ላይ ነበርኩ። ሬዲዮ ከፍቼ። 15 ለ 12 እየተመራን የቀረው አንድ ኳስ ብቻ ነው። ከፊቴ ያለው ሀበሻ፣ ከኋላዬ ያለው ፓኪስታኒ፣ ሁላችንም መስኮት አውርደን አንድ ጨዋታ እየሰማን ነው። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዳንኤልስ ኳሱን ይዞ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሮጠ። ሬዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ይጮኻል። ከአሥር ሰከንድ በላይ። ከዚያ ወረወረ፣ ተከላካዮቹ ነካኩት፣ ኖዋ ብራውን ብቻውን ቆሞ ያዘው። 18 ለ 15። ከመኪናችን ወርደን የማናውቀውን ሰው አቀፍን።

ማታ ቤት ገብቼ ምስሉን ደጋግሜ አየሁት። ሰው ሁሉ የሚያየው ውርወራውን ነው። እኔ ያየሁት ላይኑን፣ ፊት የሚቆሙትን ጠባቂዎች ነው። ያን ሁሉ ሰከንድ አንድም ሰው አላሳለፉም። ያ ኳስ የነሱም ነው።


ሬኒየር_አቬኑ · ሐሙስ ኤፕሪል 24፣ ማታ

ከሲያትል ነው የምጽፈው፣ ይህን ክር እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ነበር የማነበው። ኮነርሊ የኛ ሰፈር ልጅ ነው። ሬኒየር ቢች ሃይስኩል ነው የተማረው። እዚያ አካባቢ የሀበሻ ልጅ ሞልቷል። የኛም ልጆች በዚያው ትምህርት ቤት በር ነው የሚገቡት። ዛሬ ማታ ሰፈሩ ሠርግ ሆኗል። አደራ፣ ጥሩ አድርጋችሁ ያዙልን።


የአሽበርን_ልጅ · ዓርብ ኤፕሪል 25፣ ጠዋት

አድሬበት ተነሳሁ፣ አሁን ትንሽ ይገባኛል። ሳም ኮዝሚ ዲትሮይት ላይ ጉልበቱ እንደሄደ ዘንግቼ ነበር። የቀኝ ጋርዱ (ከታክሉ ወደ ውስጥ የሚቆመው ጠባቂ) መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ኮነርሊ ቀኝ ታክል ከሆነ አንድሩ ዋይሊ ወይም ብራንደን ኮልማን ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው መርጠህ ሁለት ቀዳዳ መድፈን ነው። ተንስል ደግሞ ወጣት አይደለም፣ 30 ዓመቱ ነው። ከሱ አጠገብ ሆኖ ከሱ የሚማር ልጅ ያስፈልግ ነበር።

ጋሼ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ነበሩ ልክ።


ዳላስ_ነኝ · ዓርብ ኤፕሪል 25፣ ማታ

44ኛ። ዶኖቫን ኢዜሩዋኩ። ዳላስ ካውቦይስ።

ከፋውለር ጋር በአንድ ሜዳ። በዓመት ሁለት ጊዜ እንገናኛለን። ኮነርሊን ሰላም በሉልኝ።


ወርቅና_ቡርጉንዲ · ዓርብ ኤፕሪል 25፣ ማታ

ይህን ነበር የፈራሁት። እኛ ትተነው ሌላ ቦታ ቢሄድ ኖሮ አይቆጨኝም። ዳላስ!

ለኔ ጥያቄው አልተዘጋም። 61ኛ ላይ ከኦል ሚስ ትሬይ ኤሞስን ወሰድን፣ ኮርነርባክ (ኳስ ተቀባዮችን የሚከላከል)። ጎበዝ ነው፣ አልቃወምም። ግን ከሁለት ፒክ በኋላ ዳር ላይ ያለው ሰው ከሞላ ጎደል ያው አምና የነበረው ነው፣ ፋውለር ተቀንሶ። ዴትሪክ ዋይዝን አምጥተናል፣ ዶራንስ አርምስትሮንግ አለ። ፍራንኪ ሉቩ ከመሃል እየመጣ 8 ሳክ ሠርቶ ነበር፣ ይህን ያህል በየዓመቱ ከሱ መጠበቅ ግን ልክ አይደለም። ባርክሌይም የትም አልሄደም። የምሥራቁን ዲቪዥን የያዘው አሁንም ፊላደልፊያ ነው።

ጋሼ ላይኑን ብለዋል፣ ፔተርስም ከእርስዎ ጋር ነው። አከብራለሁ። በሴፕቴምበር እናየዋለን።


ሦስት_ስም_ያየሁ · ሰኞ ኤፕሪል 28

ዜናውን አያችሁ? ከንቲባ ባውሰር፣ ሃሪስና የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል አንድ ላይ ቆመው ተናገሩ። አርኤፍኬ ላይ 65,000 ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያ ያለው ስታዲየም። በ2030 ይከፈታል። ቡድኑ 2.7 ቢሊዮን ያወጣል። ከተማው ወደ 1.1 ቢሊዮን፣ በዓመታት ተከፋፍሎ። ምክር ቤቱ ማጽደቅ ይቀረዋል።

2.7 ቢሊዮን ከባለቤት ኪስ ሲወጣ ትልቅ ነገር ነው። ስናይደር ይህን አያደርገውም ነበር። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። የ1.1ዱን ዝርዝር ሳየው ግን ጎረቤታችን ትዝ አለችኝ።


የኪንግማን_ፓርክ_ጎረቤት · ሰኞ ኤፕሪል 28

አየሁት። ከመንጋቱ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም።

ቁጥሩን ልብ በሉት። ኮንግረስ የወሰደብን 1.1 ቢሊዮን፣ ለዚህ የሚወጣው ወደ 1.1 ቢሊዮን። አንዱ ከአንዱ የመጣ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰሞን ሁለቱን አንድ ላይ ስትሰማ ሆድህ ይባባል። ለመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ነው የተመደበው። እዚያው ሜትሮ ጣቢያ አለ! ከዚያ ፓርኪንግ የሚገኘው ገቢ ለማን እንደሚገባ ጠይቁ። ይህን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ግማሻችሁ ሥራችሁ ነው።

ጥሩውንም ልናገር። ቤቶች ይሠራሉ ብለዋል፣ ከ5,000 በላይ። ከነዚያ ሠላሳ በመቶው አቅም ለሌለው ሰው በሚሆን ዋጋ። ይህ ቃል ቤቶቹ ከስታዲየሙ በፊት ወይም እኩል ካልተጀመሩ ትርጉም የለውም። ቀኑ ይጻፍ። ካልተሠራ ቅጣቱ ይጻፍ። ምክር ቤቱ ሕዝቡን የሚሰማበት ቀን ሲወጣ ተመዝግቤ እናገራለሁ። እንግሊዝኛዬ ይንተባተባል፣ ግን እናገራለሁ። ዲሲ የምትኖሩ ካላችሁ አብራችሁኝ ኑ። የሚጻፍ ነገር የሚያግዘኝም እፈልጋለሁ።


የአሽበርን_ልጅ · ሰኞ ኤፕሪል 28

እህቴ፣ ጽሑፉን እኔ አግዝሻለሁ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ መናገሩ ለኔ አይሆንም። የፊላደልፊያውን ነገር፣ የአርሊንግተኑን 325 ሚሊዮን፣ የፓርኪንጉን ጥያቄ በአንድ ገጽ አሳጥሬ እልክልሻለሁ። ስታዲየሙ ይሠራ ባይ ነኝ አሁንም። አንቺ የምትይው ግን ተጽፎ ይሠራ።


ዱለስ_ተረኛ · ሰኞ ኤፕሪል 28

ልጄ፣ እኔም ቨርጂኒያ ነኝ፣ ዲሲ ላይ ድምፅ የለኝም። ታክሲ ግን አለኝ። ቀኑ ሲታወቅ እዚሁ ጻፊልን። ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም መምጣት የሚፈልግ ሰው ካለ ሰብስቤ አመጣለሁ። ምክር ቤቱ በር ድረስ አደርስሻለሁ፣ ተናግረሽ እስክትጨርሺ ውጭ እጠብቅሻለሁ።

ስትመለሺ በአርኤፍኬ በኩል እናልፋለን። ያ ጣሪያ ሳይወርድ አንድ ጊዜ ደግሜ ላየው እፈልጋለሁ።